«ይይዛል» ተብዬ የወሰድኩት ውሻ

እህቶቼ፣ ወልድያ ያላችሁት ሁላችሁም ተጠጉና ስሙኝ፤ ዛሬ በሽማግሌ ፊት የደረሰብኝን ውርደት ለጠላቴም አይስጠው!

ፊቴ እስካሁን ምድጃ ላይ እንደተደፋሁ ሁሉ ይነዳል።

ከእናንተ ፊደል የቆጠረችው ለሌሎቹ ታንብብላቸው። ስታነብ መሳቅ ክልክል ነው። እሺ፣ ትንሽ ትሳቅ። እኔም ብዕሩን ይዤ ሁለት ጊዜ ስቄያለሁ፤ አንዴ ደግሞ አልቅሻለሁ።

ነገሩ የውሻ ነገር ነው።

የሁለት ውሻ ነገር። ያውም የፈረንጅ!

ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ፣ ይኸው ሦስት ዓመት፣ ከአያ በርሄ ጋር በድንበር እንደምንነታረክ ሰምታችኋል። አያ በርሄ ከጉድባው ማዶ ያሉት ጎረቤታችን ናቸው። በሳቸው እርሻና በኛ እርሻ መሃል ያለችው የድንበር ድንጋይ እግር አውጥታ ትሄዳለች። እኛ «ወደኛ ተገፋች» እንላለን። እነሱም «ወደኛ ተገፋች» ይላሉ።

ዘንድሮ በዘር ሰሞን የሳቸው ልጅ ገብሬና የኔ ኪሮስ ሞፈር ጥለው ተናነቁ። ሰው ባይገላግላቸው ኖሮ!

ገብሬ «ደሙን ሳላይ አልቀርም» ብሎ ፎከረ።

ኪሮስ ምን እንዳለ አልጽፍም። እናቱ ነኝ።

የባለቤቴ አባት የሞቱት በዚችው ድንበር እንደሆነ አትርሱ። በአንድ የወይራ ዱላ። አንዴ ብቻ ነው የተመቱት።

እንግዲህ ከዚያ ጠብ ወዲህ እኔ ሰው አይደለሁም። ኪሮስ እርሻ ውሎ እስኪመለስ ምስር ልለቅም እቀመጥና ጠጠሩን ሰፌዱ ላይ ትቼ ምስሩን እጥላለሁ። ራት ላይ የልጆቼ ጥርስ ቀጭ ይላል።

ውሻ ያስፈልገኛል አልኩ። ኃይለኛ ውሻ! ገና ከጉድባው ማዶ ሰው ሲያስነጥስ ገመድ የሚበጥስ።

የሰፈሩ ውሻ አይሆነኝም። የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ከገብሬ እጅ አጥንት እየበላ ያደገ ነው፤ ገብሬ ሲመጣ ጭራውን ይቆላል እንጂ አይጮህም። ባዕድ መሆን አለበት።

ሰቆጣ ከተማ ልብስ የማጥብለት ፈረንጅ አለ ብያችሁ አልነበር? ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ የሚያስተምረው። እኛ «ሚስተር» ነው የምንለው። አገሩ ሊገባ ሆነ፤ እሁድ ጂፕ መጥቶ ይወስደዋል ተባለ። ሁለት ውሾች ነበሩት። አንዱ መልኩ ማር፣ ጠጉሩ ረጅም፣ ከጆሮው ሹሩባ የሚወጣለት። ሌላው ጥቁር፣ አጭር ጠጉር፣ ቅቤ እንደተቀባ የሚያብለጨልጭ።

«ወይዘሮ ታደለች፣ አንዱ ላንቺ» አለኝ። «ሌላው አንድ ትልቅ ሰው ጠየቀኝ። ግን አንቺ መጀመሪያ። እስከ ቅዳሜ ምረጪ። ኦኬ?»

እኔ ምረጪ ተብዬ አላውቅም! ባል እንኳ የመረጡልኝ ሌሎች ናቸው።

እስቲ እናንተ ብትሆኑ የቱን ትወስዳላችሁ?

«ይሄ ጎልደን ነው። ይሄ ላብራዶር ነው። ሁለቱም ሪትሪቨር» አለ ሚስተር።

«ሪትሪቨር ምን ማለት ነው?»

ወደ ሰማይ አንጋጠጠ። አማርኛ ሲጠፋው ከዚያ የሚያወርደው ይመስል ሁልጊዜ እንዲህ ነው። ቆይቶ ጣቱን አጮኸ።

«የሚይዝ! ይይዛል!»

ልቤ ዘለለች። በኛ አገር ውሻ ይይዛል ከተባለ እኮ አለቀ! ቋንጃ ይዞ አይለቅም ማለት ነው።

«ሰውም ይይዛል?»

«ሁሉ ይይዛል!»

«ዱላ ይዞ የመጣ ቢሆንስ?»

«ኦ! ዱላ በጣም ይይዛል! በጣም፣ በጣም!»

እህቶቼ፣ ከዚህ በላይ ምን ልጠይቅ?

የቀረው፣ ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ ይይዛል የሚለው ብቻ ነው። በማግስቱ ጓደኛዬን ብርቄን ይዤ ሄድኩ። ብርቄን ታውቋታላችሁ፤ የምታውቀውን ታውቃለች፣ የማታውቀውን ደግሞ ከዚያ አብልጣ ታውቃለች።

«መጀመሪያ ላንቃ ይታያል» አለች።

እውነቷን ነው። ላንቃው የጠቆረ ውሻ ጀግና ነው፤ አባቶቻችንም የሚመርጡት እንዲህ ነበር።

የጥቁሩን አፍ ፈለቀቅሁ። እጄን እስከ አንጓዬ አስገባሁ። እንደ መንከስ ላሰኝ! ላንቃው ደግሞ እንደ ሕፃን ድድ ሮዝ።

ወደ ወርቃማው ዞርኩ። እሱማ ገና ስጠጋው አፉን ራሱ ከፍቶ ጠበቀኝ። ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ሮዝ።

«ግማሽ ጀግና» አለች ብርቄ።

ቀጥሎ የዱላ ፈተና ነው። ደህና ውሻ ዱላ ሲወረወርበት ወደ ወርዋሪው ይመጣል፤ ፈሪው ጭራውን ሸጉጦ ይሸሻል። ብርቄ ዱላ አነሳችና ባላት ጉልበት ወረወረችባቸው።

«ያዝ! ያዝ!» አለ ሚስተር ከበረንዳው ላይ እያጨበጨበ።

ብርቄ ዘላ ከኋላዬ ገባች። «በላን! ያዝ አላቸው እኮ!»

ውሾቹ ግን ወደኛ አልመጡም። ወደ ዱላው ሮጡ! ጥቁሩ አንዱን ጫፍ አነሳ፣ ወርቃማው ሌላውን ጫፍ ያዘ፤ ዱላውን እንደ ቃሬዛ ለሁለት ተሸክመው መጥተው ብርቄ እግር ሥር አስቀመጡት።

ብርቄ ጎንበስ ብላ ዱላውን አየችው።

«ድገሚን ነው የሚሉት» አለች ብርቄ ቀስ ብላ። «ታደለች፣ እነዚህ ንቀውናል።»

ደገመች። አመጡላት። ሰለሰች። አመጡላት። ክንዷ እስኪዝል ወረወረች፤ እነሱ ምላሳቸውን አውጥተው «ደግሞ?» ይሏታል።

እዚህ ላይ አእምሮ ያላት ሴት በነቃች ነበር። እኔ ምን አልኩ?

«አየሽ፣ ዱላ አይፈሩም!»

የፈራ ሰው ዓይኑ የሚያየው የፈለገውን ነው።

ከዚያ ማመዛዘን ሆነ። ሚስተር ስለ ጥቁሩ ሲነግረኝ ፊቱን አኮሳተረ። «ላብራዶር ይበላል። ይበላል፣ ይበላል፣ ይበላል። ውሃ ካየ ደግሞ ይገባል።» ይህንንስ በዓይኔ አይቻለሁ። ልብስ ሳጥብ መጥቶ ሳፋው ውስጥ ተቀመጠ፤ ውጣ ስለው ሳሙናዬን አንስቶ በላው። አንድ ሙሉ ሳሙና! ቀኑን ሙሉ አፉ አረፋ ሲደፍቅ ዋለ፤ የሰቆጣ ሰው አብዷል ብሎ መንገድ ቀየረ።

እኔ ውሃ የምቀዳው ቁልቁለት ወርጄ፣ ዳገት ወጥቼ ነው። እህሌንም ታውቁታላችሁ። ይህን የመሰለ ሆድ ወዴት አባቴ ልውሰደው?

ወርቃማውስ? «ጎልደን ጥሩ ልብ። ቁጣ የለም። ብትቆጪው ያዝናል። በየቀኑ ደግሞ ማበጠር» ብሎ ብሩሽ ሰጠኝ።

በየቀኑ! እኔ የራሴን ጠጉር የማበጥረው ዓመት በዓል ሲመጣ ነው። ያ ሁሉ ጠጉር በኛ አገር ጭጎጎት መሃል ሲያልፍ አስቡት እስቲ!

ኪሮስ ጥቁሩን አለ። ትንንሾቹ ወርቃማውን አሉ። ብርቄ «ጥቁር ውሻ በቀን እንኳ ያስደነግጣል» አለችኝ፤ ወዲያው ደግሞ «ወርቃማው ግን ከሩቅ አንበሳ ይመስላል» አለችኝ። ሁለቱንም ነው የመከረችኝ!

አንበሳ የሚለው ቃል ግን ጆሮዬ ውስጥ ቀረ።

ቅዳሜ ሄጄ «ጎልደኑን» አልኩ። ከሩቅ ካስፈራ፣ ከቅርብ ምን ሥራ አለው?

ይህ ነበር ብልሃቴ።

መቼም የውሻ ስም ለውሻው አይወጣም፤ ለጎረቤት ነው የሚወጣው። «አይደፈር» አልኩት። ጠዋት ጠዋት ጉድባው አፋፍ ላይ ቆሜ «አይደፈር! አይደፈር!» እላለሁ። ማዶ ያለ ይስማ!

አይደፈር ግን ዶሮዋ ስታፈጥበት አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። ድመቷ ሆዱ ላይ ትተኛለች። ሰው ሲመጣ ይነሳና ያገኘውን ነገር በአፉ ይዞ ይቀበላል። መጥረጊያዬን፣ የብርቄን ነጠላ፣ አንድ ቀን ደግሞ ራሷን ዶሮዋን! ላባዋ እንኳ ሳይጎድል አምጥቶ ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ። ከሁላችን የደነገጠችው እሷ ናት።

«እማ፣ ይሄ ነው የሚጠብቀን?» አለኝ ኪሮስ።

«ዝም በል። ቀን ቀን ነው እንጂ እንዲህ የሚሆነው...»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ተስፋዬን አልቆረጥኩም ነበር። ሚስተር «ያዝ» ሲላቸው የሰማኋት ቃል አለችኝ። ቃሏን ሲሰማ ይለወጥ ይሆናል አልኩና ለክፉ ቀን ብዬ አስቀመጥኳት። ልጆቹም በቤቴ «ያዝ» የሚል ቃል እንዳያወጡ ከለከልኩ።

ገመናው እንዳይታይ ውሻውን ቀን ቀን ጎታው ጀርባ አሰርኩት። ከዚያ ማውራት ጀመርኩ። ወይ ማውራት! «ሰቆጣ ሳለ የሁለት ሌባ ቋንጃ በጥሷል» አልኩ። በማግስቱ ሌቦቹ ሦስት ሆኑ። በሳምንቱ ነብር ጨመርኩበት።

እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በጾም ነው ያወራሁት።

ሠራ ግን! የአያ በርሄ ቤተሰብ በደጄ ማለፍ አቆመ። ውሃ ለመቅዳት በላይኛው ዞሮ መሄድ ጀመረ። አገሩ በሙሉ «የታደለች አንበሳ» አለው። እኔም ምስር ለቅሜ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ጠጠሩን ጣልኩ!

ደስታዬ አሥር ቀን አልሞላም።

አያ በርሄም ውሻ አመጡ ተባለ። ከአበርገሌ በረሃ፣ ከተከዜ ዳር ነው አሉ። ጥቁር ነው አሉ። ጥጃ በልቷል አሉ። ቀን ቀን ከቤት አያወጡትም። ስሙን ደግሞ ስሙልኝ፤ «ሞክረኝ»!

ጠዋት እኔ «አይደፈር!» ስል እሳቸው ከማዶ «ሞክረኝ!» ይላሉ። «አይደፈር!» «ሞክረኝ!» ገበያ የሚወርድ ሰው ጭነቱን አስቁሞ ይሰማናል።

አንድ ቀን ያ ውሻ ጮኸ። ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል! ጠጠሩም ወደ ወጣችን ተመለሰ።

«እኔ ላይ ቢለቁብኝስ?» አለኝ ኪሮስ እየሳቀ። አፉ ነው የሳቀው። እጁ ዱላውን አልለቀቀም።

ሽማግሌዎች ደም ሳይፈስ ብለው ዛሬ ጠሩን። ቦታው ከቤተክርስቲያኑ በታች ያለው ሜዳ ነው። ሰብሳቢው አባ ክንፈ ናቸው፤ የነፍስ አባቴ።

«ጠመንጃ እቤት ቀርቷል። ዱላችሁን ደግሞ እዚያ ካቡ ሥር ደርድሩ» አሉ።

ተደረደረ። የኪሮስ፣ የገብሬ፣ የገብሬ ወንድሞች፣ የሽማግሌዎቹ። የአባ ክንፈ መቋሚያም ሳይቀር።

እኔ ምን ይዤ መጣሁ? አይደፈርን! ከጠዋት ጀምሬ አበጥሬው፣ የአንገቱን ጠጉር በጣቴ ወደ ላይ አቁሜ። ጎፈር እንዲመስል!

አያ በርሄስ? ሞክረኝን። በሰንሰለት!

«ለሽምግልና ነው ለአደን የመጣችሁት?» አሉ አባ ክንፈ።

ሰው ሁሉ አፈገፈገ። እኔ ከሴቶቹ በኩል ገመዴን ጨብጬ ተቀመጥኩ፤ እሳቸው ከወንዶቹ በኩል ሰንሰለታቸውን። ሁለቱ ውሾች ተያዩና ማላዘን ጀመሩ። እየተንቀጠቀጡ ያላዝናሉ። «ሊበላሉ ነው» አለች አንዷ። እኔም ጥቁሩን አየት አደረግሁት። የሆነ ቦታ የማውቀው መሰለኝ። ግን የፈራ ሰው የት ያስታውሳል?

ነገሩ ተጀመረ። አያ በርሄ በደህና ተናገሩ። ኪሮስም በደህና መለሰ። እኔ በልቤ ማርያምን እየለመንኩ ነው። ልክ ሊያልቅ ሲል ገብሬ ከኋላ ጣልቃ ገባ።

«ድንጋይዋን መጀመሪያ ያንቀሳቀሳት አባቱ ነው። ሌብነት ከአባት ይወረሳል።»

ሟች! ሟችን በሽማግሌ ፊት!

ኪሮስ ተነሳ። ገብሬም ተነሳ። ማንም ሳይደርስባቸው ሁለቱም ወደ ካቡ ሮጠው ዱላቸውን አነሱ።

ዓይኔ ላይ የመጣው አማቴ ናቸው። ያቺ አንዲት ምት። ጮህኩ።

«ያዙት! ኪሮስን ያዙት! ያዙልኝ!»

ታዲያ ምን ልበል? እናት ልጇ ሲጣላ «ያዙት» ነው የምትለው። ያልኩትም ሽማግሌዎቹን ነው።

አይደፈር ግን እሱን ያልኩት መሰለው።

ገመዱ መዳፌን ልጦ አመለጠ። «ለቀቀችው! አንበሳውን ለቀቀችው!» ተባለ፤ ግማሹ ሰው ካቡ ላይ ወጣ። «ልጄን!» አሉ አያ በርሄ፤ ብድግ ሲሉ ሰንሰለቱ ከእጃቸው ወደቀ። ጥቁሩም ተፈተለከ።

አይደፈር በቀጥታ ገብሬ ላይ ነው የሄደው። ገብሬ ዱላውን ከራሱ በላይ እንዳነሳ ዓይኑን ጨፈነ።

እኔም ጨፈንኩ።

ዋይታ ስጠብቅ፣ ዝም!

ስገልጥ፣ አይደፈር በኋላ እግሩ ቆሞ የገብሬን ዱላ ጫፍ በአፉ ይዞ ይስባል። ጭራው እንደ ባንዲራ ይውለበለባል። ገብሬ ይስባል፣ አይደፈር ይስባል። እዚያ ማዶ ደግሞ ያ ጥጃ በላው ሞክረኝ የኪሮስን ዱላ ይዞ ዙሪያውን ያሽከረክረዋል።

እኔ አፌን መዝጋት አቃተኝ። ድንጋጤው ብቻውን «ያዙ! ያዙ!» ያሰኘኛል። በጮህኩ ቁጥር ውሾቹ ይብስባቸዋል።

ገብሬ ለቀቀ። አይደፈር ዱላውን አምጥቶ እግሬ ሥር አስቀመጠ። ኪሮስም ለቀቀ። ጥቁሩም ዱላውን አመጣ፤ ወደ ጌታው ሳይሆን ወደኔ! ቃሏ የምትወጣው ከኔ አፍ ነዋ!

ተመልሰው ሄዱ። የገብሬን ወንድሞች ዱላ ከካቡ ሥር አመጡ። የሽማግሌዎቹን አመጡ። በመጨረሻ አይደፈር የአባ ክንፈን መቋሚያ በአፉ አግድም ይዞ መጣ። መቋሚያ ረጅም ነው፤ በሰው መሃል ሲያልፍ በግራም በቀኝም ቅልጥም እየመታ ነው የመጣው። አንድም ሽማግሌ አልማረም!

እህቶቼ፣ የዋግ ወንድ ያለ ዱላ ሲቆም አይታችሁ ታውቃላችሁ? እጁን የት እንደሚያደርገው አያውቅም! አንዱ ብብቱ ሥር ይወሽቀዋል፣ አንዱ ከኋላው ይደብቀዋል፣ አንዱ ጺሙን ይዞ ቀረ። እጁ ባዶ ሆኖ የሚጣላ ወንድ ደግሞ የለም፤ ጠቡ እዚያው ቆመ።

እኔስ? የአገሩ ወንድ ዱላ በምራቅ ርሶ ፊቴ ተከምሯል። ሁለቱ ውሾች በግራና በቀኜ ቁጭ ብለው ሽቅብ ያዩኛል።

አንድ ሽማግሌ በአገውኛ አንድ ነገር ጣል አደረጉ። ሰሚው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሰምቻለሁ፤ ግን አልጽፈውም።

አሁን ብርቄ ዝም ብትል ምን ነበረበት? ብርቄ!

«እንዴ! ይሄ ጥቁር የሚስተር ውሻ አይደል? ሳሙናውን የበላው!»

አባ ክንፈ ወደ አያ በርሄ ዞሩ። «ከአበርገሌ ነው ያላችሁት?»

አያ በርሄ መሬት መሬት ያያሉ። ለካ ሚስተር «አንድ ትልቅ ሰው ጠየቀኝ» ያለው እሳቸውን ኖሯል! እኔ የተውኩትን ውሻ፣ እጄን የላሰኝን ውሻ ነው አንድ ወር ሙሉ ስፈራ የከረምኩት!

«አንቺስ ታደለች? ነብሩስ?»

ተነሳሁ። ነጠላዬን ጫፉን ነክሼ ቆምኩ። «ነብር አላየም አባ። ሌባም አልነካም።»

«ታዲያ ምን ነክቷል?»

«ዶሮ ነው የነካው። እሷንም ይፈራታል።»

ሴቶቹ ሆዳቸውን ይዘው ተዘረሩ። ካቡ ላይ የወጣው ሁሉ እየሳቀ ወረደ። ገብሬ እንኳ ሳቀ። መሬት ብትከፈት እዘልባት ነበር!

አባ ክንፈ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁ። ከዚያ «ለምን ዋሻችሁ?» አሉ። በቁጣ አልነበረም።

አያ በርሄ ቀደሙኝ። «ፈርቼ ነው» አሉ። እኚያ ጢማም ሰውዬ! «ይች ሴት ባሏ ሞቷል፤ የሚይዘው የሌለው ጎረምሳ አላት። ልጅዋ በደጄ ሲያልፍ እኔ ልጆቼን እቆጥራለሁ። ውሻውን ወስጄ ቤት ደብቄው ነበር፤ አንበሳ አመጣች ሲሉኝ ጊዜማ...»

እኔን ነው የፈሩት! እኔን፣ ጠጠር የማበላዋን ሴት!

እኔም ጀመርኩና ሁሉንም አወጣሁት። ስለ ምስሩ ነገርኳቸው። በሽማግሌ ፊት፣ በገብሬ ፊት። ኪሮስ አንገቱን ደፋ። «በየቀኑ እማ?» አለኝ። «በየቀኑ» አልኩት።

ገብሬ መጥቶ ጉልበቴን ያዘ። «ሟችን ያነሳሁት አፌ ነው፤ ይቅር በይኝ እናቴ» አለ። ኪሮስ ወዲያው አልተጠጋም። ቆይቶ፣ በጣም ቆይቶ፣ ከክምሩ ውስጥ የገብሬን ዱላ መዘዘና በጋቢው ጠርጎ ሰጠው። ምራቁን ነው የጠረገው። እኔ ግን ብርቄን ተደገፍኩ።

ድንበሩ ገና አልተለካም። ሰኞ ሽማግሌዎቹ ባሉበት ሁለቱ ልጆች ድንጋይዋን አብረው ተሸክመው ይተክላሉ ተብሏል። ዋስ ተጠርቷል። እኔ ደግሞ ውሻ አፍ የገባውን መቋሚያ ጸበል ቀድቼ አጥባለሁ፤ ስለ ነብሩም እሰግዳለሁ። ስግደቱ ስንት እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ ልጆቹ ቀደሙ። እኔና አያ በርሄ ከኋላ ቀረን፤ ውሾቹ በመሃላችን።

«ታደለች» አሉኝ።

«አቤት፣ አያ በርሄ።»

«ያንቺው ይነክሳል?»

«አይነክስም። የእርስዎስ?»

«ምን ይነክሳል፣ ይበላል እንጂ። የልጆቹን ራት ጨረሰው።»

ትንሽ ሄድን። ፊት ፊታችን ኪሮስና ገብሬ ጎን ለጎን ባይሆኑም በአንድ መንገድ ይሄዳሉ።

«ልጅሽስ?» አሉኝ።

ቆምኩ። «ያጉረመርማል እንጂ አይነክስም። የእርስዎስ?»

«የኔም እንደዚያው ነው።»

አያችሁልኝ እህቶቼ! ሦስት ዓመት ሙሉ ስንነታረክ የከረምነው ይህችን አንዲት ጥያቄ የሚጠይቅ ጠፍቶ ነው። ውሻ መርጬ፣ ላንቃ አይቼ፣ ጎፈር አበጥሬ፣ ነብር ፈጥሬ! ጉድባው እኮ አንድ እርምጃ ነው።

ግን እውነት እውነቱን ፍረዱ፤ በዕድሜ የሚበልጡት እሳቸው ናቸው። ቀድመው ተሻግረው መጠየቅ የነበረባቸው እሳቸው አይደሉም ትላላችሁ?